አራት ብሎን እና አንዲት የሂጃብ መርፌ

«አንቺን ወገብሽን የሚያምሽ ጀሪካን ስታዪ ብቻ ነው።»

ይህን ፊት ለፊቴ ያለችኝ አዳዳ ፋጡማ ናት፤ የአባቴ እህት። እኛ ባሌዎች የአባትን እህት አዳዳ ነው የምንላት፤ ስትቆጣም ስትመርቅም የሚያቋርጣት የለም። ሮቤ ገበያ፣ ማር የምናራግፍበት መደብር ውስጥ ነበርን። ከመናኸሪያ በፈረስ ጋሪ የመጣ ጀሪካን አውርጄ መሬት አስቀመጥኩና ቀና ልበል ስል አልቻልኩም። እንደጎነበስኩ ቀረሁ። አዳዳ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ያንን አለች። ዕቃ አውራጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ የጀመረው ያን ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ገበያ መሀል ስሄድ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ራውዳ! ኧረ ጫማሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። ዞር ስል የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ ከኋላዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። በባዶ እግሬ ከየት ጀምሬ እንደሄድኩ አላውቅም። የሮቤን የክረምት ጭቃ የረገጠ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፤ እኔ ግን አልተሰማኝም። እግሬ አልነገረኝም። ጫማዬን አንስቼ አጠለቅኩና ሄድኩ።

ይህን የምጽፈው እግራቸው ዝም ያላቸው ሰዎች እንዲያነቡት ነው። በተለይ ደግሞ «ወገብሽ በትንሽ ቀዳዳ ይሠራል» ተብለው ያላመኑ። አለማመናቸውን አልነቅፍም። እኔም አላመንኩም።

ሥራዬ ማር ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ቢሮ ለቢሮ ወረቀት ይዞ መንከራተት አልሆነልኝም፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ድሮም አልችልም። ስለዚህ ከአዳዳ ጋር ገባሁበት። ደሎ መና ወርጄ ከገበሬው እገዛለሁ፣ በአውቶቡስ ጭኜ በሰነቴ አምባ ብርድ አልፌ ጎባና ሮቤ እሸጣለሁ። ማር ነጋዴ ሰው አያምንም። ከላይ ንጹሕ ማር፣ ከታች የተፈላ ስኳር የሆነ ጀሪካን ገዝቼ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ረጅም እንጨት እስከ ታች ሳልሰድ፣ ከሥር የወጣውን ሳልቀምስ አልገዛም። የገዛሁትንም እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ እቋጥርበታለሁ፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከሰው ጀሪካን ጋር እንዳይለወጥብኝ። የታሰረ ጨርቅ ከሌለበት «ያንቺ ነው» ቢሉኝም አልወስድም።

ወገቤን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ኦቦ ከድር ጋ ነው፤ የሰፈራችን ወጌሻ። ወንድሜ ከፈረስ ወድቆ የወለቀ ትከሻውን ሲመልሱለት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ እሳቸውን እንድሰድብለት የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ። በቅቤ አሹኝ። በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ «አስ ሲ ዱኩባ?» አሉኝ፤ እዚህ ጋ ያምሻል ወይ ማለታቸው ነው። ያመኛል። ሳቡኝ፤ ወገቤ ቀጭ አለ። ለጥቂት ቀን ቀለለኝ። ከዚያ ሕመሙ እሳት ሆኖ ከወገቤ ተነስቶ በመቀመጫዬ፣ በጭኔ ጎን፣ በባቴ ወርዶ እግሬ አናት ላይ ተቀመጠ። ስቀመጥ ያቃጥላል። ስቆም ያቃጥላል። ሶላት ላይ ለሩኩዕ ማጎንበስ አቃተኝና ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ፤ በሃያዎቹ ዕድሜዬ ከአሮጊቶቹ ጋር ተሰለፍኩ።

ጎባ አንድ ሐኪም አየኝ። ብዙ አልጠየቀኝም። አስተኛኝና እግሬን ቀጥ እንዳለ ወደ ላይ አነሳው፤ ጮኽኩ። ከዚያ «አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ሳቢ፣ እኔ ወደ ታች እጫናለሁ» አለኝ። የቀኜን ጣት ታግሎ አቃተው። የግራዬን በአንድ ጣቱ ብቻ አስተኛው። እንደገና ሳብኩ። እንደገና አስተኛው። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ራጅ አስነሳኝና ፊልሙን መስኮቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ። «የመጨረሻዋ የወገብ አጥንት፣ ኤል ፋይቭ የምንላት፣ ከሥሯ ባለችው በኤስ ዋን ላይ ወደ ፊት ተንሸራታለች። ስፖንዲሎሊስቴሲስ ይባላል። ወደ እግርሽ የሚወርደውን ነርቭ ተጭናዋለች።»

«ጀሪካኑ ነው ያመጣው?»

«ጀሪካኑ አባብሶት ይሆናል። አጥንቷ ላይ ያለው ስንጥቅ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ የነበረ ይመስላል።»

ይህን ለአዳዳ ስነግራት በጣም ደስ አላት። «አየሽ፣ ማሬ ምንም አላደረገሽም!» አለች።

ሐኪሙ ቶሎ ወደ ቢላ አልሮጠም። ይህ ችግር ካለባቸው ብዙዎቹ ሳይቀደዱ እንደሚኖሩ ነገረኝ። መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ሸክም መተው። ሁሉንም አደረግሁ። ሕመሙ ትንሽ ጋብ አለ፤ እግሬ ግን እየባሰበት ሄደ። የቤታችን ደፍ እያደናቀፈኝ መጣ፤ ያው ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ደፍ። ያኔ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። ከመሄዴ በፊት ያለኝን ቃል በቃል ልጻፈው፤ «ሽንትሽ እምቢ ካለሽ ወይም ካመለጠሽ፣ ወይም የምትቀመጪበት ቦታ ከደነዘዘ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ግቢ።»

አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ አስተኝተው በሩን የዘጉብኝ ነው የመሰለኝ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ሥራውን እንዲህ አስረዳኝ፤

«ከአከርካሪሽ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳ እከፍታለሁ። ጡንቻሽን ከአጥንቱ አልገፍፈውም፤ በቱቦ ገለል አደርገዋለሁ። በቱቦው ውስጥ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ነርቩን የተጫነውን አነሳለሁ፣ ዲስኩን አወጣለሁ። በቦታው ኬጅ የሚባል ትንሽ መደገፊያ የራስሽን አጥንት ፍርፋሪ ሞልቼበት አስገባለሁ። ከዚያ ሁለቱን አጥንቶች በአራት ብሎንና በሁለት ዘንግ አያይዛለሁ። ብሎኑ የሚይዝልሽ አጥንቱ ተዋህዶ አንድ እስኪሆን ነው። ፊውዥን የሚባለው ያ ውህደት ነው። ወራት ይፈጃል።»

ሰውየው ወጣት ነው። እጁ ንጹሕ ነው። ንግግሩ ያማረ ነው። ሦስቱም አላማሩኝም።

«ለምን እንደ ሌላው ሰው ሰፋ አድርገው አይከፍቱኝም?»

«ሰፋ አድርጌ የምከፍተው ሰው አለ። ያንቺ በጠባቡ የሚሠራ ነው። መሀል ላይ ካስቸገረኝ ወደ ሰፊው እቀይራለሁ።»

«በዚያች ቀዳዳ ብሎኑ የት እንደገባ በምን ያውቃሉ?»

«የራጅ መሣሪያው የምትተኚበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እያንዳንዱን ሳስገባ እያየሁ ነው።»

«ብሎኑን ያሳዩኝ።»

ሳቀ፤ ግን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። ለማሳያ የተቀመጠ ነው። ቀላል ነው፣ ጥርሱ ስል ነው። አገላበጥኩት። «ሌላ ሰው ውስጥ የነበረ አታስገቡብኝም?»

«የአንቺው ታሽጎ ይመጣል፤ እዚያው ነው የሚከፈተው።»

«እሺ፣ የትንሽ ቀዳዳው ጥቅም ለማን ነው? ለእርስዎ ወይስ ለኔ?»

እዚህ ላይ መሳቁን ተወ። «ደም ብዙ አይፈስሽም፣ ቶሎ ትቆሚያለሽ፣ ጡንቻሽ ብዙም አይጎዳም። ከዓመት በኋላ ግን በሰፊው ከተሠራ ሰው ጋር ብዙ ልዩነት ላይኖርሽ ይችላል። ተአምር ነው የሚልሽ ካለ አትመኚው። ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ አጥንቱም አልዋሃድም ሊል ይችላል። የደነዘዘውም ሁሉ ላይመለስ ይችላል። ካልተሠራሽ ደግሞ እግርሽ እየደከመ የሚሄድ ይመስለኛል።»

የዕቃውን ጉድለት አስቀድሞ የሚነግር ነጋዴ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እውነተኛ ነው፤ ሌላው ከሁሉም የባሰ አጭበርባሪ። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለእሱ ሳይሆን ለእግሬ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ክፍል ይበርድ ነበር። መብራቱ ነጭ። ሰዎቹ አረንጓዴ ለብሰዋል። ፊታቸው አይታይም። አብራኝ የመጣችው እናቴ በር ላይ ቀርታለች። ክንዴ ላይ መርፌ ገባ። የእምነት ቃሌን፣ ሻሃዳዬን አልኩ። አንዷ «ስለምትወጂው ነገር አስቢ» አለችኝ። ምንም አልመጣልኝም። ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ጠፋ።

ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቋል። ወገቤ ከብዷል። ነርሷ «እግርሽን አንቀሳቅሺ» አለች። አንቀሳቀስኩ። የግራዬ አውራ ጣት ብቅ አለ። ትንሽ ነው። ግን ብቅ አለ። ያ እሳት የለም። ፈለግኩት። ከጭኔ እስከ እግሬ አናት ፈለግኩት። የለም። እግሬ አናት ላይ ያለው ድንዛዜ ግን እንዳለ ነው። አለቀስኩ። ከዚያ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ጀርባዬን ዳሰስኩ። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ፕላስተር። በቃ፣ ያ ብቻ። እንባዬ ሳይደርቅ «ሠርተውኛል ወይስ አልሠሩኝም?» ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ አቆሙኝ። ትንሽ ቀዳዳ ነው ብላችሁ ሕመሙም ትንሽ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የቆምኩት። ነርሷ ከአልጋ አነሳስ አስተማረችኝ፤ ወገብ ሳይጠመዘዝ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ ዞሮ፣ በጎን ሆኖ፣ እግር ሲወርድ በእጅ ገፋ ማድረግ። «እንደ ግንድ ተንከባለይ» ትለኝ ነበር፤ እኔም «ግንድስ ብሎን የለበትም» እላታለሁ። የወገብ መደገፊያ ቀበቶ አስረው በኮሪደሩ አስኬዱኝ፤ መጀመሪያ እስከ መስኮቱ፣ ቀጥሎ እስከ ደረጃው፣ ከዚያ ማንም ሳይጠራኝ ራሴ እየተነሳሁ ሕሙማኑን ሁሉ እስካውቃቸው ድረስ እመላለስ ጀመር፤ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው መሆኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ያለኝ አጭር ነው፤ «ተራመጂ። አታንሺ፣ አትጎንበሺ፣ አትጠምዘዢ። ወገብሽን ማንም እንዳያሽሽ።»

ወደ ባሌ የተመለስነው በመኪና ነው፤ ወንበሩን አስተኝተውልኝ፣ እየቆምን፣ እኔ መንገድ ዳር ትንሽ እየተራመድኩ። ዲንሾ ላይ ስንደርስ ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ አገሬ እንደገባሁ አወቅኩ። ሮቤ ስንገባ ሰፈሩ በራችን ላይ ነበር።

እኛ አገር የታመመ ሰው ዝም ብሎ አይጠየቅም፤ ቁስሉም ይታያል። ዱዓ ይደረጋል፣ ሙዝና ስኳር ይቀመጣል፣ ከዚያ ሴቶቹ ብቻ ሲቀሩ «እስቲ አሳዪን» ይባላል። አዳዳ ራሷ ልብሴን ከፍ አደረገች። አንዱን ጎን አየች። ወደ ሌላው ጎን ዞራ አየች።

«ቁስሉ የታለ?»

«ይኸው ነዋ አዳዳ።»

«ይሄ? ያ ረቢ! ይሄማ አጥር ስትዘል እሾህ የጫራት ፍየል ነው የሚመስለው። የሐጂ ሙስጠፋ ሚስት ተሠራች አይደል? ከዚህ እስከዚህ ነው የተሰፋችው፤» ከጀርባዋ መሀል እስከ መቀመጫዋ በእጇ አሳየች፤ «የሷ መሠራት ነው። አንቺን ቆዳሽን ጫር አድርገው ነው የላኩሽ።»

ሴቶቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አንዷ ምላሷን ጠጠጠ አደረገች። እናቴ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ከኔ ቀድሞ ይራመድ ነበር። ለመራመድ ስወጣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «ራውዳ፣ አታለሉሽ አሉ!» ይለኛል። እኔ ራሴስ? ማታ ስተኛ፣ ጠዋት ስነሳ ወገቤ ግትር ነው፣ ይነዝራል፤ አሁንም ትንሽ አነክሳለሁ። እሳቱ ጠፍቷል፤ ግን ኦቦ ከድር ሲስቡኝም ለጥቂት ቀን ቀሎኝ አልነበር? ከላይ ማር፣ ከታች ስኳር። እዚህ ደግሞ እንጨት የምሰድበት አፍ እንኳ የለም፤ ተሰፍቷል።

እናቴ አንድ ጠዋት አጠገቤ ተቀመጠች። «ኦቦ ከድርን ልጥራቸው። ሐኪሞቹ ውስጡን ካልነኩት ማሸቱ አይጎዳሽም።»

«ከነኩትስ?»

ጉዳዩ ይኸው ነበር፤ ውስጤ ባዶ ከሆነ የኦቦ ከድር እጅ ቢበዛ አይጠቅመኝም። ብሎኑ ካለ ግን፣ አጥንቱ ሳይዝ ያ እጅ ከተጫነውና ከሳበው፣ እግሬን ልሰናበተው እችላለሁ። እናቴ ግን አርብ እንዲመጡ ነግራቸው ነበር።

ለአዲስ አበባው ሐኪሜ ደወልኩ። «ማንም እንዳይነካሽ!» አለኝ፤ ሲቆጣ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። በቴሌግራም ከኦፕሬሽኑ በኋላ የተነሳሁትን ራጅ ላከልኝ። ለአዳዳ አሳየኋት። ስልኩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ አየችውና «ይሄ አጥንት ነው። ያንቺ ለመሆኑ ምን ምልክት አለው? አጥንት ሁሉ አንድ ነው። ይቺን አንዷን ለሁሉም ሰው እየላኩ ቢሆንስ?» አለች።

ክፉ ነገር ልናገር? እውነቷን ነው አልኩ። ቀይ ጨርቅ የለበትም።

ስለዚህ ሐሙስ ጎባ ሄድኩ። ሐኪሜ አንድ ተጨማሪ ራጅ መነሳቱን ፈቅዶልኝ ነበር። እዚያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያለው የራጅ ባለሙያ ቀልደኛ ሰው ነው። እርጉዝ መሆኔን ጠየቀኝ፤ «መጀመሪያ ባል ፈልግልኝ» አልኩት። ከዚያ «ብረት ነገር ሁሉ አውልቂ» አለኝ። አወለቅኩ። የሂጃቤን መርፌ ግን እጄ ላይ ያዝኩ። እናቴ ለዒድ የገዛችልኝ ናት፤ አናቷ ላይ የብረት ቅጠል አላት፣ የቅጠሏ አንዱ ጫፍ ተሰብሯል።

«እሷንም።»

«እሷን ጎኔ ላይ ልብሱ ላይ እሰካታለሁ።»

«እንዴ! ፎቶው ላይ ትወጣለች እኮ።»

«እንድትወጣ ነዋ የምፈልገው።»

አፍጥጦ አየኝ። «ምን ልትሠራልሽ?»

«ፊልሙ የኔ መሆኑን ልትነግረኝ። ማር ስጭን ጀሪካኔ ላይ ጨርቅ አስራለሁ። አንተስ የሌላ ሰው ፊልም ብትሰጠኝ በምን አውቃለሁ?»

«ስምሽ ይጻፍበታል!»

«ስም የሚጽፈው ሰው ነው።»

ከት ብሎ ሳቀ። «በይ ከአከርካሪው ራቅ አድርገሽ ስኪያት። አጥንቱን ከሸፈነችብኝ ደግሜ አላነሳሽም።» ዳሌዬ አጠገብ በገዛ እጄ ሰካኋት። ትንፋሼን ያዝኩ። ፊልሙ እስኪወጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ወንበር ላይ ተቀመጪ ቢለኝም አልተቀመጥኩም።

መብራት ላይ አደረገው። መሀል ላይ አራት ብሎን፣ ሁለት ሁለት ሆነው በዘንግ ተያይዘዋል። በአጥንቶቹ መካከል የኬጁ ነጠብጣብ ምልክቶች። ጥግ ላይ ደግሞ ጫፏ የተሰበረ ቅጠል።

«ሠርተውኛል» አልኩ።

«ኧረ አሳምረው ነው የሠሩሽ» አለ የራጅ ባለሙያው።

አርብን ከመናገሬ በፊት፣ አንብቦ ለሚነሳ ሰው የሚጠቅመውን ላስቀድም። እግራችሁ ሲደክም ወገቤ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ጫማችሁ ሳታውቁት ከወለቀ ያ እግራችሁ የላከላችሁ ወሬ ነው፣ ስሙት። ሁሉም የወገብ ሕመም አይቀደድም፤ ቀዶ ሕክምናን በመጀመሪያው ቀን የሚያቀርብላችሁን ሰው ደግማችሁ ጠይቁት፣ ሌላ ሐኪምም ጠይቁ። በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ለሁሉም አይሆንም፤ ለኔ ሆነ። ሐኪማችሁን አትፈሩት፣ ብሎኑን አሳዩኝ በሉት። የሚቆጣ ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው። ከተሠራችሁ በኋላ ቁስላችሁ ቢያብጥ፣ ቢያዥ ወይም ትኩሳት ቢመጣባችሁ ዝም አትበሉ። ቁስሉ ስላነሰ አጥንቱ የዳነ አይምሰላችሁ፤ ቆዳው ቶሎ ይረሳል፣ አጥንቱ ግን ጊዜውን ይወስዳል። የኔ መያዙን ሐኪሙ በሲቲ ስካን አይቶ የነገረኝ ሁለት የስንዴ አጨዳ ካለፈ በኋላ ነው። እግሬ አናት ላይ የድሮው ድንዛዜ ዛሬም አለ። ማር እነግዳለሁ፤ ጀሪካን ግን አላነሳም፣ አዳዳ እያጉረመረመች ታስነሳለች።

የጎባውን ሐኪም አመሰግናለሁ፤ በአንድ ጣቱ ነው ያወቀው። እንደ ግንድ ያንከባለለችኝን ነርስ አመሰግናለሁ። ያን ጠርጥሬ ያልጨረስኩትን ወጣት ሐኪም አመሰግናለሁ፤ አንድም ጥያቄዬን አልናቀም። አልሀምዱሊላህ። እናቴን የማመሰግነው ግን በአርቡ ነው። ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የከበደኝ እሱ ስለሆነ ለመጨረሻ አቆየሁት።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኦቦ ከድር መጡ። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል። ቅቤው በሳህን ቀልጦ ቀርቧል። አዳዳ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ነይ ልጄ፣ በሆድሽ ተኚ» አሉ፤ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

«አባ፣ አልተኛም።»

ሽማግሌ ቤት ድረስ አስጠርቶ አልተኛም ማለት እኛ ጋ ስድብ ነው። ፊልሙን አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ይሄ ወገቤ ነው። አራቱ ብሎኖች እነዚህ ናቸው። አጥንቱ ገና አልያዘም፤ ከታሸ ሊላቀቅ ይችላል።»

ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ አዩት። «እኔ ቀስ ብዬ ነው የማሽሽ። ብረቱን አልነካም፤ ዙሪያውን ብቻ።»

«ዙሪያውንም አይሆንም አባ። አክብሬዎት ነው፤ ግን አይሆንም።»

«የሷ ለመሆኑስ ማን መሰከረ?» አለች አዳዳ።

«መርፌዬ መሰከረች። ጥጉ ላይ እያት።»

«መርፌዋን ሌላ ሰው ላይ ሰክተው ቢሆንስ?»

ኦቦ ከድር ሳያስቡት ሳቁ። «ኧረ ፋጡማ! አንቺስ የለየልሽ ነጋዴ ነሽ።»

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ለእኔ ስትይ፣ ራውዳ። አንዴ ብቻ። ስታነክሺ ማየት አልቻልኩም።»

እናቴ ለእኔ ስትይ ብላኝ እምቢ ብያት አላውቅም።

«እማ፣ ላንቺ ብዬ የማላደርገው የለም። ይሄን ግን አላደርግም።»

አየችኝ። ከዚያ ፊልሙን ከኦቦ ከድር እጅ ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችው። ብሎኖቹን አላየቻቸውም። ጣቷ በቀጥታ ጥጉ ላይ ሄደ።

«ይቺ ያቺ የዒዷ ናት?»

«ናት።»

«የሰበርሻት።»

«አዎ እማ።»

በጣቷ የቅጠሏን ስባሪ ጫፍ ዳበሰችው። ፊልሙን ሳታጥፈው ቀስ ብላ፣ እንደ መስታወት ይዛ ሳጥኗ ላይ አስቀመጠችው። የቅቤውን ሳህን ከደነችው።

«ኦቦ ከድር፣ ሻይ ይጠጡ» አለች።

«እንዲህማ አይሆንም» አለች አዳዳ። «ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ቅቤ ቀልጦ! በሉ እንግዲያው የኔን ጉልበት ይሹልኝ።» ፍራሹ ላይ ወጥታ እግሯን ዘረጋች። እናቴ ሳህኑን መልሳ ከፈተችው።

ነጠላ ጫማዬን በሩ ላይ አገኘሁት።

«አንቺስ ወዴት ነው?» አለችኝ አዳዳ ከፍራሹ ላይ።

«ልራመድ።»

የቀኜን አጠለቅኩ። የግራዬን አጠለቅኩና በእግር ጣቴ አጥብቄ ያዝኩት። ደፉን ተሻግሬ ወጣሁ።